ያላለቀሰ ሁሉ አላዘነምን?

በአገራችን ኀዘን ድምፅ አለው። ሰው ሲሞት ወደ ኀዘንተኛው ቤት መሄዳችንን «ለቅሶ መድረስ» እንለዋለን እንጂ አብሮ መቀመጥ አንለውም። ደረት ይደቃል፣ ሙሾ ይወርዳል፣ ከሩቅ የመጣው ዘመድ ከደጅ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይገባል፤ በዚህም ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀሰው የቤቱ ሰው ሬሳው አሁን እንደ ወጣ ሁሉ እንደገና ያነባል። ልማዱ መልካም ነው፤ ኀዘንን በሆድ ቀብሮ ከመያዝ በሰው ፊት አውጥቶ መካፈል ይሻላል። ሆኖም ከዚሁ መልካም ልማድ ጋር ተያይዞ የሚሄድ አንድ ፍርድ አለ፤ እርሱም ያለቀሰውን «አዘነ»፣ ያላለቀሰውን «አንጀተ ደረቅ» ብሎ መለየት ነው።

ይህ ፍርድ ሲለመድ ያልታሰበ አንድ ነገር ዛሬ በመካከላችን ይገኛል። ከባድ ድባቴ የያዘው ሰው ከሐኪም ተቀብሎ የሚውጠው ኪኒን ከሞት አሳብ ሲያወጣው፣ በአንዳንዱ ሰው ላይ እንባውንም አብሮ ያደርቀዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው በለቅሶ ቤት ዓይኑ ደርቆ ቢገኝ ምን እንበለው? በመድኃኒት የተገኘ ደስታስ የሰውየው ደስታ ነው ወይስ የኪኒኑ? ይህ ጥያቄ ካለፈው ዐቢይ ጾም ጀምሮ በማኅበራችን ሲያከራክረን ስለ ቆየ፣ ያነበብነውንና የተነጋገርነውን ልናካፍላችሁ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልን በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ድባቴ የተባለው ሕመም ኀዘን ማለት አይደለም። ያዘነ ሰው የሚያዝንበት ነገር አለው፤ እናቱ ሞታበት፣ ፈተና ወድቆ ወይም ከወዳጁ ተጣልቶ ይሆናል፤ ቀን ሲያልፍ፣ መልካም ወሬም ሲሰማ ቀለል ይለዋል። ድባቴ የያዘው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ባዶነት ነው። እንጀራው አይጣፍጠውም፤ የሚወደው መዝሙር ሲዘመር ጆሮው ይሰማል እንጂ ልቡ አይነካም፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ያነጋል ወይም ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ድካሙ አይወጣለትም፤ ራሱን ዋጋ እንደሌለው ይቈጥራል፤ ሲብስበትም ሞቱን ይመኛል። ይህም አንድና ሁለት ቀን ሳይሆን ሳምንታትና ወራት ይቈያል። ልብ በሉ፤ የስሜት መድረቅ ከመድኃኒቱ በፊት ከሕመሙ ከራሱ ሊመጣ ይችላል። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

እነዚህ መድኃኒቶች የተገኙበት ታሪክ የሚያስገርም ነው። በ1952 በኒው ዮርክ ከተማ በስታተን አይላንድ በሚገኘው ሲ ቪው የተባለ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ኢፕሮኒያዚድ የሚባል አዲስ መድኃኒት ለሕሙማን ይሰጥ ጀመር። የተሰጠው ለሳንባቸው ነበር። ነገር ግን በአልጋ ላይ ሞታቸውን ይጠባበቁ የነበሩ ሰዎች ምግብ መጠየቅ፣ መሳቅና መጨዋወት ጀመሩ፤ በሆስፒታሉ መተላለፊያም ጨፈሩ ተብሎ ተጻፈ። ናታን ክላይን የተባለው ሐኪም ይህንኑ መድኃኒት ሳንባቸው ጤነኛ ለሆነ የድባቴ ሕሙማን ሰጥቶ ያየውን በ1957 አስታወቀ። በዚያው ዘመን በስዊዘርላንድ በሙንስተርሊንገን ሆስፒታል ሮላንድ ኩን የተባለ ሐኪም ኢሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት ለሌላ የአእምሮ ሕመም ሲሞክር አልሠራለትም፤ ለድባቴ ሕሙማን ግን ሠራ። ኩን ይህን በ1957 በዙሪክ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ሲናገር ሊያደምጡት የተቀመጡት አሥራ ሁለት የሚያህሉ ሰዎች ብቻ እንደ ነበሩ ይነገራል። ዛሬ በዓለም የታወቀው ፍሎክሰቲን፣ በንግድ ስሙ ፕሮዛክ፣ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1987 መጨረሻ ነው። በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት ይኸው ፍሎክሰቲንና ከኢሚፕራሚን ወገን የሆነው አሚትሪፕቲሊን ናቸው።

ከዚህ ታሪክ የምናስተውለው፣ ሰው ስሜት እንዴት እንደሚሠራ አውቆ ከዚያ መድኃኒቱን እንዳላዘጋጀ ነው። መድኃኒቱ አስቀድሞ ተገኘ፤ ማብራሪያው ኋላ ተፈለገለት። ለብዙ ዘመንም ሲነገረን የነበረው ማብራሪያ ቀላል ነበር፤ በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሲጎድል ሰው ይደበታል፣ ኪኒኑም የጎደለውን ይሞላል የሚል ነው። ፍሎክሰቲንን የመሳሰሉት መድኃኒቶች አንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው የላከው ሴሮቶኒን ቶሎ ተመልሶ እንዳይወሰድ እንደሚያደርጉ እርግጥ ነው። ሆኖም በ2022 ቀደም ሲል የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ አንድ ሥራ፣ የድባቴ ሕሙማን ሴሮቶኒን በእርግጥ የጎደላቸው ስለ መሆኑ የጸና ማስረጃ እንደሌለ አመለከተ። ይህን የሰሙ አንዳንዶች «እንግዲያው መድኃኒቱ ከንቱ ነው» ብለዋል፤ ይህ ግን አይከተልም። ራስ ምታትን የሚያስታግሰው አስፕሪን የሚሠራው በራሳችን ውስጥ አስፕሪን ስለ ጎደለ አይደለምና። በ2018 የታተመ ትልቅ ጥናት በ522 ሙከራዎች የተሳተፉ 116,477 ሰዎችን ውጤት አንድ ላይ መርምሮ፣ 21ዱም መድኃኒቶች ባዶ ከሆነው አምሳያ ኪኒን የተሻሉ ሆነው አግኝቷቸዋል። ልዩነቱ ግን በአማካይ መጠነኛ ነው፤ አንዱ ፈጽሞ ሲነሣ ሌላው ምንም አይረዳውም።

ከተመለከትናቸው ሁሉ ልባችንን የሳበው በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ካትሪን ሃርመርና ባልደረቦቿ ያደረጉት ምርምር ነው። ለሰዎች ልዩ ልዩ የፊት ሥዕል ያሳዩአቸዋል፤ የሚሥቅ፣ የሚያዝን፣ የሚቈጣ። ድባቴ ያለበት ሰው የተቀላቀለውን ፊት ወደ ኀዘን አድልቶ ያነብበዋል፤ የሥቅን ፊት ሳያስተውል ያልፈዋል። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ መልካሙን ፊት የማስተዋል ችሎታው ይጨምራል፤ የሚገርመው ግን በዚያን ሰዓት «እንዴት ነህ?» ቢባል «ያው ነኝ» ማለቱ ነው። ስሜቱ ገና አልተለወጠም። ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት፣ ኪኒኑ ደስታን አያፈስስም፤ ወደ ጨለማ ያዘነበለውን ዓይን ጥቂት ያቃናል፤ ሰውየውም በተቃና ዓይን ሳምንታት ሲኖር፣ ሲገናኝና ሲያወራ ስሜቱ ቀስ በቀስ ይከተላል። መድኃኒቱ ለመሥራት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈጅበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ አንድ ከባድ ጥያቄ ወደ እኛ ይዞራል። ዓይኑ ተቃንቶለት መልካም ፊት ለማየት የተዘጋጀው ሰው፣ የሚያየው መልካም ፊት ከየት ያገኛል? ቤተ ሰቡ በሹክሹክታ የሚያወራበት፣ ጓደኛው ሰላምታውን ያሳጠረበት፣ ጎረቤት «አማኑኤል ገብቶ ነበር አሉ» እያለ የሚጠቋቆምበት ከሆነ፣ ኪኒኑ ያቃናው ዓይን የሚያርፍበት ስፍራ የለውም።

አሁን ወደ እንባው ጉዳይ እንመለስ። በ2009 ከዚያው ከኦክስፎርድ የወጣ ጥናት 38 ሰዎችን ስለ ስሜታቸው በዝርዝር ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ መድኃኒቱ ከባዱን ኀዘንና ጭንቀት እንዳቀለለላቸው፣ ከዚያው ጋር ግን ደስታቸውም፣ ለሰው የሚሰማቸው ርኅራኄም፣ የማልቀስ ችሎታቸውም እንደ ቀነሰ ተናገሩ። አንዳንዶች ይህን ዕረፍት አድርገው ተቀበሉት፤ ሌሎች ግን ከራሳቸው ሕይወት ወጥተው ከሩቅ የሚመለከቱ መሰላቸው። በ2017 በታተመ ሌላ ጥናት መድኃኒት ከሚወስዱ 669 ሕሙማን መካከል ከመቶ 46ቱ እንዲህ ያለ የስሜት መደንዘዝ እንዳላቸው ገልጸዋል፤ ሆኖም ድባቴው ያልለቀቃቸው ሰዎች ይበልጥ የደነዘዙ ሆነው ስለ ተገኙ፣ የሕመሙን ድርሻ ከመድኃኒቱ ድርሻ መለየት አስቸጋሪ ነው። ይህን ለመለየት የረዳው በ2023 የወጣው ጥናት ነው። ጤነኛ ፈቃደኞች ኤስሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት ቢያንስ ለሃያ አንድ ቀን ወስደው በአንድ የመማር ፈተና ሲፈተኑ፣ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ይልቅ ለሽልማትና ለቅጣት ምልክት የሚሰጡት ምላሽ ደከም ብሎ ተገኘ። ሕመም የሌለባቸው ስለ ሆኑ በሕመም ማመካኘት አይቻልም። እንግዲህ በአንዳንዱ ሰው ላይ ሕመምን የሚያደነዝዘው ያው እጅ ደስታንም ሊያደነዝዝ ይችላል ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ በማኅበራችን ውስጥ ግን በሰው ላይ አየነው። ፈቃዷን ጠይቀን ስሟን ሳንጠቅስ የምንናገርላት አንዲት እኅታችን ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት አክስቷ በጥር ወር ዐረፈች። በዚያን ጊዜ እኅታችን መድኃኒት ከጀመረች አራተኛ ወሯ ነበር። በሦስቱም ቀን አላለቀሰችም። የእድሩ ሴቶች ሲያለቅሱ እርሷ ቡና ታቀርብ፣ ዕቃ ታጥብ፣ የመጣውን ሰው ታስቀምጥ ነበር፤ ሁሉ ከሄደም በኋላ ከአክስቷ ታናሽ ልጅ ጋር አንድ ወር ሙሉ አብራው አደረች፤ ልጁ ሌሊት ሲባንን አቅፋ የምታስተኛው እርሷ ነበረች። ይህን ያየ ግን ጥቂት ነው። በድንኳኑ ውስጥ የተባለው «ያሳደገቻትን እናቷን ቀብራ ዓይኗ ውኃ አላነሣም» የሚል ነበር፤ ቃሉም ወደ ጆሮዋ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ወደ ጉባኤያችን መጥታ አንድ አሳብ አቀረበች። ሰሞነ ሕማማት ሳይገባ መድኃኒቷን ልታቆም ትፈልጋለች። ባለፈው ዓመት በሕመሟ ምክንያት ከአልጋዋ አልተነሣችም፤ ዘንድሮ ግን ከሕዝቡ ጋር ቆማ ማልቀስ፣ ለአክስቷም የቀረውን እንባ ማፍሰስ ትሻለች። የደረቀ ዓይን ይዤ በስቅለት ዕለት አልሰግድም አለች። በዚያ ምሽት ጉባኤው የተነሣው በሁለት ሰዓት ነበር፤ ብዙም ተከራከርን።

አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲል ተናገረ። በኪኒን የመጣ መረጋጋት የሰውየው አይደለም፤ የተሰጠ ልብስ እንደ ለበሰ ሰው ነው፤ ልብሱ ሲወልቅ ያው ራቁቱን ነው። ስለዚህ እኅታችን ማንነቷን ለማግኘት መድኃኒቱን ብትተው እውነት አላት አለ። አሳቡ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሆኖም ትንሽ ወደ ፊት ብንገፋው ይከብዳል። የተራበ ሰው ይቈጣል፤ ሲበላ ይበርዳል። ታዲያ ትዕግሥቱ የእንጀራው ነው እንበል? እንቅልፍ ያጣ ሰው ይነጫነጫል፤ ከተኛ በኋላ የሚያሳየው ደግነት የእንቅልፉ ነው እንበል? ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አስቀድሞ ያቀረበለት ተግሣጽ አልነበረም፤ እንጎቻና ውኃ ነበር፤ ነቢዩም በላ፣ ጠጣ፣ እንደገናም ተኛ። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ የተጓዘው ያው ኤልያስ ነው። ሥጋ የሌለበት የሰው ስሜት አናውቅም።

ይሁን እንጂ የእንጀራው ምሳሌ ነገሩን ሁሉ አይጨርሰውም። እንጀራ እንባ አያደርቅም። ፒተር ክራመር የተባለው የአእምሮ ሐኪም በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ፕሮዛክ ስትወስድ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን የሆነች ስለ መሰላት፣ መድኃኒቱን ስታቆም ግን ራሷን ያጣች ስለ መሰላት አንዲት ሴት ጽፏል። በአንጻሩ መድኃኒቱን ሲወስዱ ራሳቸውን ያጡ፣ ሲተዉት ያገኙ ሰዎች አሉ። እንግዲህ «እውነተኛው እኔ» የቱ ነው ብለን በስሜት መጠን ብንፈልገው መቼም አንይዘውም። እኛ የሚመስለን ሰው ይበልጥ የሚታወቀው በተሰጠው ስሜት ምን እንዳደረገ ነው፤ ስሜቱ ብዙ ሲሆንም፣ ጥቂት ሲሆንም። ልጁን ሌሊት ያቀፈችው እጅ የማን ናት? ኪኒን ልጅ አያቅፍም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆመን «እንግዲያው እንባ ቢቀር ምን አለበት፤ ሥራሽ ይበቃል» ብንላት ሌላ በደል እንበድላታለን። ፍቅር በሥራ ይታያል ማለት ስሜት ትርፍ ነገር ነው ማለት አይደለም። ለእናቱ ሳይሰለች ምሳ የሚያቀርብ ልጅ ይወድዳታል፤ ሆኖም ፊቷን ሲያይ ምንም የማይሰማው ከሆነ አንድ ነገር ጎድሎበታል፤ መጉደሉንም ቢያዝንበት ትክክል ነው። እኅታችን ያጣችው እውነተኛ ነገር ነው። «ሞትን ከመመኘት አይሻልም ወይ?» የሚለው መልስ እርግጥ ነው፤ ቢሆንም ከቃጠሎ የዳነን ሰው ስለ ጣቶቹ እንዳያወራ እንደ መከልከል ነው።

ስለ እንባ ደግሞ አንድ ቃል። አባቶች በጸሎት ጊዜ የሚመጣውን እንባ ሀብተ አንብዕ ይሉታል፤ ሀብት ማለት ስጦታ ነው። ስጦታ ተለክቶ አይጠየቅም፤ ያልተሰጠውም ሰው እንደ ዕዳ አይቈጠርበትም። በተጨማሪም የድባቴ ለቅሶ ከዚህ የተለየ ነው። ሰው ሳይጠራው መጥቶ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስነባው፣ ወደ ማንም የማያደርሰው፣ ሲያበቃም የማያቀልለው ለቅሶ አለ። መድኃኒቱ ያን ሲያቆም ንስሐን አቆመ ማለት አይደለም።

ስለ ጥፋተኝነትም እንዲሁ። ድባቴ ሰውን «ይቅር የማይባል ኃጢአተኛ ነህ» ይለዋል፤ መድኃኒቱ ይህን ድምፅ ሲያለዝበው «ኅሊናዬ ሞተ ይሆን?» ብሎ የሚፈራ አለ። መለያ የሚሆን አንድ ነገር አስተውለናል። ኅሊና ሥራን በስሙ ይጠራል፤ እገሌን ሰደብህ፣ ያንን ገንዘብ አልመለስህም ይላል፤ ሰውየውም ሄዶ ይቅርታ ሊጠይቅበት ይችላል። የሕመሙ ድምፅ ግን ሥራ አይጠራም፤ ወይም በልጅነት የተሰረቀች እርሳስን ነፍስ እንደ መግደል አድርጎ ያቀርባል። ከሕመሙ ጋለል ያለ ሰው የተበደለውን ሰው ፈልጎ እግር ሲስም ካየን፣ ኅሊናው አልሞተም፤ እንዲያውም ቦታ አግኝቷል። ይህን ሁሉ ባንሰማ ኖሮ እንኳ በራሳችን ፍርድ «አትውጪው» ወይም «ዋጪው» ማለት አይገባንም ነበር፤ ንስሐ አባትም ቢሆኑ የሐኪሙን ሥራ ለሐኪሙ ይተዋሉ።

መድኃኒቱን በድንገት ስለ ማቆም የምናውቀውን ግልጽ አድርገን እንናገር። ለወራት የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ በጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደ ነካው ያለ ስሜት፣ ቅዠት፣ ንጭንጭ፣ ያለ ምክንያትም ማልቀስ ሊመጣበት ይችላል። እንግዲህ እኅታችን ባሰበችው መሠረት ከሆሳዕና በፊት ብታቆም ምናልባት እንባ ይመጣላት ነበር፤ ያን እንባ ግን ከሕማማቱ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከዚህ የሚብሰው የሕመሙ መመለስ ነው። በእንግሊዝ አገር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስደው ደኅና የሆኑ 478 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2021 የታተመ ጥናት፣ ቀስ በቀስ ካቆሙት መካከል በ52 ሳምንት ውስጥ ከመቶ 56ቱ፣ ከቀጠሉት ደግሞ ከመቶ 39ኙ ድባቴ እንደ ተመለሰባቸው አሳይቷል። ቁጥሩን በሁለት ወገን እንመልከተው፤ ካቆሙት መካከል ያልታመሙ አሉ፤ ከቀጠሉትም የታመሙ አሉ። ማቆም የተከለከለ አይደለም፤ ጊዜና መንገድ ግን አለው። መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ማቆም ጊዜው አይመስልም።

ደግሞም ለእናንተ ለወጣቶች የሚነገር ማስጠንቀቂያ አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2004 ለልጆችና ለጉርምስና ዕድሜ፣ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ላሉት፣ መድኃኒቱ በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታትና መጠኑ በሚለወጥበት ጊዜ ራስን የማጥፋት አሳብ ሊጨምር እንደሚችል በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አዝዟል። ይህ መድኃኒቱን ለመከልከል የተነገረ አይደለም፤ የሚጀምረውን ሰው ብቻውን እንዳንተወው ነው። እንዲህ ያለ አሳብ የመጣበት ሰው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ያንኑ ቀን ለቅርብ ሰውና ለሐኪም ይንገር።

የስሜት መደንዘዝ ሲመጣ የሚደረግ ነገርም አለ። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሊለውጥ፣ ወይም ድባቴው ራሱ ገና አልለቀቀ እንደ ሆነ ሊመረምር ይችላል። ብዙዎች ግን አይናገሩም። በክሊኒኩ ወረፋው ረጅም ነው፤ ሐኪሙ «ትተኛለህ? ትበላለህ? የሞት አሳብ አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ መልካም ከሆነ ወረቀቱን ጽፎ ቀጣዩን ይጠራል። በዚህ መካከል «ማልቀስ አቃተኝ» ማለት የቅንጦት ይመስላል። በትዳር ያሉትም ስለ ደከመባቸው የሥጋ ስሜት ለመናገር ያፍራሉ፤ እርሱም ከተለመዱት ጠንቆች አንዱ ነው። አፍረው ሳይናገሩ በድብቅ ያቆማሉ።

ሌላው በጉባኤያችን የተነሣው «ጸበል እያለ ኪኒን ለምን?» የሚል ነበር። በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲጠየቁ መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተናግረዋል። በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የታወቀ የጸበል ቦታም ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማንን የረዱበት ሥራ ተጽፎ አንብበናል። ተጠምቆ ኪኒኑን የሚውጥ ሰው እምነቱን በሁለት አልከፈለም።

ከክርክሩ በኋላ ያ ወንድማችን አሳቡን ፈጽሞ አልለወጠም፤ አሁንም በኪኒን የመጣ መረጋጋት እንግዳ ነው ይላል። ሆኖም በማግስቱ ጠዋት እኅታችንን ወደ ሐኪሟ ያደረሳት እርሱ ነው። «ማልቀስ አልቻልኩም» የሚለውን ቃል በወረቀት ጽፋ ይዛ ገባች፤ በአፏ እንዳይጠፋባት ስለ ፈራች። ሐኪሟም መድኃኒቱን አሁን እንዳታቆም፣ ከትንሣኤ በኋላ መጠኑን ቀስ ብለው እንዲቀንሱ ተስማሙ።

በስቅለት ዕለት መጥታ ከጠዋት እስከ ሠርክ ሰገደች። እንባ አልመጣላትም። ከአክስቷ ልጅ ጋር ጎን ለጎን ነበሩ፤ ልጁ ሲደክመው ነጠላዋን አንጥፋ አስቀመጠችው። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ረቡዕ ነው፤ ከእኛ አንዷ አብራት ትሄዳለች።